የከረመ ዳቦ በቸኮላታ፦ ከፒያሳ ዳቦ ቤት እስከ ኢፍጣር ማዕድ

ረመዷን ሲገባ በከተማ ቤቶቻችን ሁለት ነገር ይበዛል፤ አንዱ ዒባዳ ነው፣ ሁለተኛው ዳቦ ነው። ደሴ ፒያሳ የመግሪብ አዛን ሊሰማ ጥቂት ሲቀረው ከዳቦ ቤት ደጃፍ የሚሰለፍ ሰው፣ የሚገዛው የቤተሰቡን ቁጥር አስቦ ብቻ አይደለም፤ የጾመ ሆዱም ያማክረዋል። የጾመ ሆድ ደግሞ ቆጠራ አይችልም። አምስት የሚበቃው ቤት አሥር ይዞ ይገባል። ማዕዱ ሲዘረጋ ተምሩ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ይቀድማሉ፤ ዳቦው ይተርፋል። «ለሱሑር ይሆናል» ተብሎ ይሸፈናል። ሱሑር ሲደርስ ደርቋል። በሦስተኛው ቀን ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በፌስታል ታስሮ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ በአምስተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣና ይጣላል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ በአንድ ቤት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ከረመዷን ውጭም በሠርግ፣ በሐዘን፣ በዒድና በመውሊድ ማግስት የሚተርፈው ዳቦ ብዙ ነው። በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ዝግጅት ይህንኑ የከረመ ዳቦ ልጆች የሚሻሙበት፣ እንግዳም የሚከበርበት ምግብ አድርጎ የሚያወጣ ነው፤ የቸኮላታ ዳቦ ፑዲንግ። ዳቦ በወተት፣ በእንቁላልና በካካዎ ርሶ የሚጋገር ጣፋጭ ነው። ኦቨን ላላቸውም፣ ከፈርኔሎና ከድስት በቀር ሌላ ለሌላቸውም እንዲሆን አድርገን አዘጋጅተነዋል። የትኛው ቸኮላታ ሐላል እንደሆነ እንዴት እንደሚለይም አብረን እናያለን፤ ይህን ምግብ በውጭ አገር መጻሕፍትና ቪዲዮዎች አይተው ለመሥራት የሚነሱ ወጣቶቻችን ሳያውቁ የሚያልፉት ነገር አለና።

ፒያሳና ከፒያሳ ጋር የመጡ ቃላት

ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ጥሎልን ከሄደው ነገር አንዱ የቃላት ክምችት ነው። «ፒያሳ» በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው። «ፉርኖ» የምንለው ዳቦ ስሙን ያገኘው ከመጋገሪያው ምድጃ ነው። ከሰል የምናቀጣጥልበት «ፈርኔሎ» የዚሁ ቃል ታናሽ ወንድም ነው። ካካዎ፣ ቸኮላታ፣ ቶርታ፣ ብስኩት፣ ፓስታ ሁሉም በዚያው በር የገቡ ናቸው። ስለዚህ የደሴ ሰው «ከፒያሳ ፉርኖ ገዝተህ ና» ብሎ ልጁን ሲልክ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት የጣሊያን ቃል ይናገራል።

የሚገርመው፣ ቃሉን የሰጠን ሕዝብ ራሱ የደረቀ ዳቦ የማይጥል መሆኑ ነው። ከሚላኖ ከተማ በስተሰሜን ብሪያንዛ በሚባለው አገር ገበሬዎች የከረመ ዳቦ በወተት ነክረው፣ ካካዎና ዘቢብ ጨምረው የሚጋግሩት «ቶርታ ፓዬዛና» የሚባል ምግብ አላቸው፤ «የገጠር ቶርታ» እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝም የዳቦ ፑዲንግ ለረጅም ዘመን የድሆች ፑዲንግ እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። ዛሬ በትላልቅ ሆቴሎች በውድ ዋጋ የሚቀርበው ምግብ መነሻው ዳቦ መጣል የማይቻለው የችግረኛ ሰው ወጥ ቤት ነው።

ዳቦን ማራስ ለኛም እንግዳ አይደለም

«ፑዲንግ» የሚለው ስም ፈረንጅኛ ቢሆንም ዳቦን አርሶ መብላት ለሙስሊሙ ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የተከበረው ምግብ ሠሪድ ነበር፤ ዳቦ ተቆራርሶ በሥጋ መረቅ የሚርስ፣ እኛ ፍትፍት የምንለው ዓይነት ነው። የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከሴቶች ያላት ብልጫ ሠሪድ ከሌሎች ምግቦች ባለው ብልጫ መመሰሉ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ጣፋጩም ቢሆን ጥንታዊ ነው። በባግዳድ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ኢብን ሰያር አል-ወራቅ ባዘጋጀው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ «ጁዛባ» የሚባል ምግብ ይገኛል። ዳቦ በጣፋጭ ነገር ይርስና በሸክላ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከበላዩ ዶሮ ወይም ሥጋ ተንጠልጥሎ ሲጠበስ የሚንጠባጠበው ስብ በዳቦው ላይ ይወርዳል። ስቡም አይባክንም፣ ዳቦውም ይጣፍጣል። የግብፅ ሰዎች «ኡሙ ዐሊ» የሚሉት፣ ቂጣ በወተት፣ በዘቢብና በለውዝ ርሶ የሚጋገረው ምግብ የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በአፈ ታሪክ ስሙ የመምሉክ ሡልጣን ከነበረው ከዒዙዲን አይበክ ባለቤት ጋር ይያያዛል። በሕንድ የሐይደራባድ ሙስሊሞች ደግሞ በረመዷንና በሠርግ የሚያቀርቡት «ደብል ካ ሚታ» የተጠበሰ ዳቦ በወተትና በስኳር ሽሮፕ የሚነከርበት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስም የእንጀራ ፍርፍር፣ የዳቦ ፍርፍር፣ ጨጨብሳ አለን። ብልሃቱ በሁሉም አንድ ነው፤ የደረቀው ይረጥባል፣ የጎደለው ጣዕም ይጨመርበታል። ስለዚህ እናቶቻችን ይህን ምግብ «የፈረንጅ ነው» ብለው እንዳይፈሩት። እጃቸው የሚያውቀው ሥራ ነው፤ አዲሱ ነገር ካካዎው ብቻ ነው።

ዳቦ ለምን ይደርቃል?

ብዙ ሰው ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዳቦ ሲጋገር በስንዴው ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ መጥጦ ይለሰልሳል። ከቀዘቀዘ በኋላ ይኸው ስታርች ቀስ በቀስ ተመልሶ ይደራጅና ይጠነክራል። በፌስታል የታሰረ ዳቦ ውሃው ሳይወጣ የሚጠነክረው ስለዚህ ነው። ይህ ሂደት በፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥ ይፈጥናል፤ ዳቦን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ከሻጋታ ቢያዘገየውም ቶሎ ያደርቀዋል። ማቆየት የፈለገ ሰው በረዶ ቤቱ ውስጥ ቢያስቀምጠው ይሻላል። እንደገና ሲሞቅ ደግሞ ስታርቹ ይላላል፤ የደረቀ ዳቦ ምጣድ ላይ ሲሞቅ ለጊዜው የሚለሰልሰው ለዚህ ነው።

ለፑዲንግ ግን ይህ ጥንካሬ ጥቅም ነው። ትኩስ ዳቦ ወተት ውስጥ ሲገባ ፈርሶ ሊጥ ይሆናል። የሁለት ወይም የሦስት ቀን ዳቦ ወተቱን ይመጥጣል እንጂ ቅርጹን አይለቅም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የደረቀ ዳቦና የሻገተ ዳቦ አንድ አይደሉም። ዳቦ ለስላሳና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ በላዩ አረንጓዴ ወይም ነጭ ነጥብ ሲታይ የሻጋታው ክር ዓይን በማያየው መንገድ ወደ ውስጥ ገብቷል። ነጥቡን ቆርጦ ቀሪውን መጠቀም አይገባም። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ በእሳት አይጠፋም፤ ለዶሮና ለላምም መስጠት ጉዳት አለው። ብልህ ቤተሰብ ዳቦው ሳይሻግት ይቀድመዋል። የተረፈውን በዚያው ቀን ቆራርጦ፣ በንጹሕ ትሪ ላይ ዘርግቶ፣ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ በፀሐይ ማድረቅ ነው። በደንብ ደርቆ በንጹሕ ዕቃ ከተከደነ ለሳምንት ይቆያል።

ሐላሉን መለየት

ቸኮላታ ከካካዎ ፍሬ የሚሠራ ነው፤ ካካዎው በራሱ ምንም ችግር የለበትም። ጥያቄ የሚመጣው ከሚጨመርበት ነገር ነው። ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

አንደኛው መጠጥ ነው። በውጭ አገር የሚታተሙ ብዙ የዳቦ ፑዲንግ አሠራሮች ዘቢቡን በሩም እንድንዘፈዝፍ ወይም ከላይ የዊስኪ ሶስ እንድናፈስ ያዛሉ። አንዳንዱ «እሳት አልኮሉን ስለሚያጠፋው ችግር የለም» ይላል። ይህ እንኳን በሸሪዓ በሳይንስም አይቆምም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ያወጣው ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው አልኮል የገባበት ምግብ ለአንድ ሰዓት ከተጋገረ በኋላ እንኳ ከአልኮሉ ሩብ ያህሉ ይቀራል። ከውጭ የሚመጡ አንዳንድ ከረሜላ መሰል ቸኮላታዎችም በውስጣቸው አረቄ የተሞላባቸው ናቸው፤ ስጦታ ሆነው ሲመጡ ጽሑፋቸውን ማንበብ ይገባል።

ሁለተኛው ቫኒላ ነው። በፈሳሽ መልክ የሚሸጠው የቫኒላ ጭማቂ በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ሊኖረው ግድ ነው። ስለ አጠቃቀሙ የዘመናችን ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ሰጥተዋል። ከጥርጣሬ መራቅ ለሚሻ ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዱቄት የሚሸጠው ቫኒላ አልኮል ሳይገባበት ይገኛል። ቀረፋና ሄልም በሚገባ ይተኩታል።

ሦስተኛው ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ነው። ጄላቲን ከአሳማ ወይም ከሌላ እንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ «ኢ 441» ተብሎ ይጻፋል። በተለይ ለስላሳ ሙሊት ባላቸው ቸኮላታዎችና በማርሽሜሎ ውስጥ ይገኛል። «ኢ 471» የሚባለው ማዋሃጃ ከእጽዋትም ከእንስሳትም ሊሠራ ስለሚችል የሐላል ምልክት ወይም «ከእጽዋት» የሚል ጽሑፍ መፈለግ ያስፈልጋል። «ኢ 322» የተባለው ሌሲቲን ግን በቸኮላታ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ የሚወጣ ነው፤ ሰው ቁጥር ባየ ቁጥር መደንገጥ የለበትም።

በሩም ፋንታ ምን እናድርግ? የወሎ ቤት መልሱን ከጀበናው ያገኛል። አንድ ሲኒ ወፍራም ቡና ለቸኮላታ የሚሰጠውን ጥልቀት ማንኛውም መጠጥ አይሰጥም። የቡናው ምሬትና የካካዎው ምሬት ይደጋገፋሉ፤ ፑዲንጉ «ቡና ቡና» ሳይል ቸኮላታው ይጎላል። ዘቢቡንም በትኩስ ሻይ መዘፍዘፍ ይቻላል። አቦሉ ከተጠጣ በኋላ በጀበናው የቀረውን መጠቀምም ይሆናል፤ አተላው እንዳይገባ ግን በደንብ ይጠለል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ10 ሰው)

- የሁለት ወይም የሦስት ቀን ዳቦ፣ ግማሽ ኪሎ
- ወተት፣ 1 ሊትር
- እንቁላል፣ 5
- ስኳር፣ 150 ግራም
- ያልጣፈጠ የካካዎ ዱቄት፣ 60 ግራም (8 የሾርባ ማንኪያ ያህል)
- ጥቁር ቸኮላታ፣ 100 ግራም
- የገበታ ቅቤ፣ 50 ግራም
- ወፍራም ቡና፣ 1 ሲኒ
- ዘቢብ ወይም ፍሬው ወጥቶ የተከተፈ ተምር፣ አንድ እፍኝ
- ቀረፋ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ቫኒላ ዱቄት፣ ትንሽ
- ጨው፣ በሁለት ጣት ቁንጥር

ስለ ዕቃዎቹ ጥቂት ቃል። ከሰፈር የሚገዛ ወተት ሳይፈላ አይገባም፤ ካልፈላ ወተት የሚመጣ በሽታ ብዙ ነው። ወተት ከጠፋ 130 ግራም የወተት ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ቅቤው ያልተነጠረና ቅመም የሌለው ይሁን፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት የወጥ ቅቤ ጣዕሙን ይለውጠዋል። በቆርቆሮ የሚሸጠው «የሚጠጣ ቸኮላታ» አብዛኛው ስኳር ነው፤ ከካካዎ ዱቄት ጋር አይምታታ። ያ ብቻ ከተገኘ ስኳሩን በግማሽ ቀንሱ።

ቸኮላታው ከተወደደስ? መወደዱ እውነት ነው። ካካዎ በብዛት የሚመጣው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ነው፤ በእነዚህ አገሮች ምርቱ በመጎዳቱ በ2016 ዓ.ም. የዓለም ገበያ ዋጋው ለመጀመሪያ ጊዜ በቶን ከ10,000 ዶላር አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ተጨማሪ ዋጋ ያዘ። ስለዚህ ጥቁር ቸኮላታውን ትታችሁ ካካዎውን ወደ 80 ግራም፣ ቅቤውን ወደ 80 ግራም ብታሳድጉ ፑዲንጉ አይጎድልበትም። ዱቄቱ ከቸኮላታው ይልቅ በጥቂቱ ብዙ ጣዕም ይሰጣል።

አሠራሩ

1. ዳቦውን በአውራ ጣት አንጓ መጠን ቁረጡ። ቅርፊቱን አትጣሉ፤ ከተጋገረ በኋላ የሚጎረብጠው ውበት ከእርሱ ነው። ዳቦው በበቂ ካልደረቀ ምጣድ ላይ አገላብጣችሁ አድርቁት።

2. ካካዎውን፣ ስኳሩን፣ ጨውንና ቀረፋውን በድስት ቀላቅላችሁ በትኩሱ ቡና ለንቅጡ። ካካዎ በብዙ ወተት ላይ በቀጥታ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፤ አስቀድሞ በጥቂት ትኩስ ፈሳሽ ከተለነቀጠ ግን ይለሰልሳል።

3. ወተቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ በለስላሳ እሳት አሙቁት። መፍላት የለበትም፤ ጣት የሚያቃጥል ሲሆን አውርዱት። ቅቤውንና የተሰባበረውን ግማሽ ቸኮላታ ጨምራችሁ እስኪቀልጥ አማስሉ።

4. እንቁላሎቹን በሌላ ሳሕን በሹካ ምቱ፤ አረፋ ማውጣት አያስፈልግም። ከሞቀው ወተት አንድ ጭልፋ በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ እንቁላሉን አለማምዱት፤ ከዚያ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሱ። እንቁላል በአንድ ጊዜ ትኩስ ውስጥ ከገባ እንደ እንቁላል ፍርፍር ይቋጠራል። ቫኒላውን ጨምሩ።

5. ዳቦውን ቅቤ በተቀባ መጋገሪያ ውስጥ ከዘቢቡ ጋር ዘርጉ። ወተቱን ከላይ አፍስሱና በማንኪያ ጀርባ ተጫኑት። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ይህ ግማሽ ሰዓት አይዘለል፤ ዳቦው እስከ ልቡ ካልረሰ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

6. የቀረውን ቸኮላታ ከላይ በትኑበት። ኦቨኑ 170 ዲግሪ ላይ አስቀድሞ ይሙቅ። ለመጀመሪያዎቹ 25 ደቂቃዎች በፎይል ተሸፍኖ፣ ከዚያ ተገልጦ ሌላ 20 ደቂቃ ይጋገር።

7. መብሰሉ የሚታወቀው ዳር ዳሩ ተነፍቶ፣ መሐሉ ሲነቀነቅ በጥቂቱ የሚንቀጠቀጥ፣ ቢላዋ ሲገባበት ጥሬ ወተት የማይከተለው ሲሆን ነው። አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት አሳርፉት፤ ሲያርፍ ይረጋል።

ኦቨን ለሌለው ቤት

መጠኑን በግማሽ አድርጉት። ቅቤ በተቀባ ትንሽ ድስት ውስጥ አዘጋጁና አፉን በፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ትልቅ ድስት ውስጥ ንጹሕ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ፤ ትንሹን ድስት በላዩ አኑሩና እስከ ወገቡ ድረስ የፈላ ውሃ አድርጉ። ትልቁን ድስት ከድናችሁ በዝግታ እንዲፈላ ተዉት። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። ውሃው እንዳያልቅ መሐል ላይ ተመልከቱ፤ ሲጎድል የሚጨመረው የፈላ ውሃ ይሁን።

በእንፋሎት የበሰለ ፑዲንግ ለስላሳ ነው እንጂ ከላይ አይቀላም። እንዲቀላ የፈለገ ሰው የድፎ ዳቦን ብልሃት ይጠቀም፤ ሲበስል ፎይሉን ገልጦ፣ በብረት ክዳን ከድኖ፣ በክዳኑ ላይ የፋመ ከሰል ለ10 ደቂቃ ያኑር። ከሰሉ የሚቀጣጠለው ግን ደጅ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ቤት ይሁን። የከሰል ጋዝ ሽታም መልክም የለውም። በደሴ ብርድ ቤት ዘግቶ ፈርኔሎ አቅፎ ማምሸት ሕይወት ያጠፋል።

የደሴና የኮምቦልቻ ልዩነት

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታቸው ግን በብዙ ይለያያል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በደሴ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በኮምቦልቻ ወደ 94። ደሴ የምታውቁት የባቄላ ቅቅል ኮምቦልቻ ቶሎ የሚበስለው ለዚህ ነው።

ለፑዲንጋችን ይህ በጎም ክፉም አለው። በጎው፣ እንቁላልና ወተት ተዋሕደው የሚረጉት ከ75 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሆነ የደሴ የፈላ ውሃ አያቃጥላቸውም፤ በድስት የሚሠራ ሰው እዚያ ይቀናዋል። ክፉው፣ በከፍታ ቦታ ውሃ ቶሎ ስለሚተን በኦቨን የሚጋገረው ይደርቃል። ስለዚህ የደሴ ሰው ግማሽ ኩባያ ወተት ይጨምር፤ የፎይሉንም ጊዜ ያርዝም። ኮምቦልቻ ያለው ሰው ደግሞ ሙቀት ነውና የተረፈውን ደጅ አያሳድር። ወተትና እንቁላል ያለበት ምግብ ፍሪጅ ከሌለ በዚያው ምሽት ማለቅ አለበት፤ ፍሪጅ ካለ ለሦስት ቀን ይቆያል።

ማዕዱ ለማን ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አዕራፍ ቁጥር 31 ላይ መብላትን መጠጣትን ፈቅዶ ማባከንን ከልክሏል። ከእጅ የወደቀ ጉርሻ እንኳ ተነሥቶ፣ ቆሻሻው ተጠርጎ እንዲበላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸው በሙስሊም ዘገባ ይገኛል። ይህ ትምህርት ለወሎ ሰው በመጽሐፍ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በ1965 እና 66፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዳቦ ማለት ሕይወት እንደነበረ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በየቤቱ አሉ። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልተው ነበር፤ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር 27 ቆዩ። በዚያ ወቅት አንድ ዳቦ ለስንት የተካፈሉ ልጆች ዛሬ ወጣቶች ናቸው። እነርሱ ፊት ዳቦ በፌስታል አስሮ መጣል ያሳፍራል።

ታዲያ ከቁጠባ የተነሣው ምግብ ራሱ የማባከኛ ሰበብ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ለፑዲንግ ብሎ ትኩስ ዳቦ የሚገዛ ሰው ዓላማውን ስቷል። ስኳሩም በልክ ይሁን። ከላይ በሰጠነው መጠን ለአንድ ሰው የሚደርሰው የተጨመረ ስኳር ወደ 20 ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ ይበቃል፤ በላዩ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ መጠጥ አያስፈልግም። የስኳር በሽታ ያለባቸው ወላጆቻችን ከሐኪማቸው ምክር አይውጡ። ለሕፃናት ሲሠራ ቡናው ይቅር።

ሥራው የእናት ብቻ አይሁን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግራለች። እናት ቀኑን ሙሉ ጾማ ሾርባና ሳምቡሳ ስታዘጋጅ የዋለችበት ምሽት ላይ ወንድ ልጅ ዳቦ ቢቆርጥ፣ እንቁላል ቢመታ ምን ይጎድለዋል? ይህ ምግብ ለጀማሪ የሚሆን ነው፤ ሊጥ ማቡካት የለበት፣ እርሾ መጠበቅ የለበት።

በመጨረሻም ጎረቤትን አንርሳ። መረቅ ሲሠራ ውሃውን አብዝቶ ለጎረቤት ማካፈልን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ.) መክረዋቸዋል። በአገራችን የሥጋ ማዕድ በሃይማኖት ይለያል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ጣፋጭ ግን አጥር ይሻገራል። ሥጋ የሌለበት ሳሕን ከሙስሊም ቤት ወደ ክርስቲያን ቤት፣ ከዚያም ወደዚህ ያለ ችግር ይመላለሳል። ጎረቤቶቻችን በጾም ላይ ከሆኑ ደግሞ ለእነርሱ የሚሆን መሥራት ይቻላል። በላም ወተት ፋንታ የአኩሪ አተር ወይም የለውዝ ወተት፣ በቅቤ ፋንታ ዘይት፣ በአምስቱ እንቁላል ፋንታ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ 6 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ይገባል፤ ፈሳሹ ከዳቦው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በእሳት ላይ እስኪወፍር ይማሰላል። ዳቦውና ቸኮላታው ወተት የሌለባቸው መሆናቸው ይታይ።

እንግዲህ ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ነገ ከዳቦ ቤት ስትመለሱ አስቀድማችሁ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል ፍቱ። ሻጋታ ካልነካው ግማሽ ሥራው ተሠርቷል። ቢስሚላህ ብላችሁ ጀምሩ፤ አላህ በማዕዳችሁ በረካ ያድርግ።